አንገት የወጣለት ፖስተር

በልጅነቴ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ቀኑን ሙሉ ከተያዩ ተጣልተዋል ማለት ነው ብዬ አምን ነበር። ትምህርት ቤት ያየሁት እሱን ነው። ስንኳረፍ ንግግር እናቆምና ከወዲያና ከወዲህ ሆነን እንፋጠጣለን፤ ቀድሞ ዓይኑን የሰበረ ተሸነፈ። ስለዚህ አክስቴና ጋሽ አጉሊ ዓይንና ናጫ ለመሆናቸው ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረኝም።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ሁለቱ አንድ ጠባብ የልብስ ስፌት ሱቅ ነበራቸው። እማዬ ከጓዳ በኩል ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ከደንበኛ ጋር ትከራከራለች። አክስቴ ደግሞ የስፌት መኪናዋን ከመስታወቱ ሥር አስጠግታ ትሰፋለች። «ብርሃን ስለምፈልግ ነው» ትል ነበር። ጋሽ አጉሊ ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ከኛ ፊት ለፊት፣ ሰዓት የሚጠግን ሰው ነው። አጉሊ መነጽሩን ቀኝ ዓይኑ ላይ ሰክቶ ስለሚውል ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው። እሱም ጠረጴዛውን ከመስታወቱ ጋር አጣብቆት ነበር፤ ለምን ሲሉት እሱም ብርሃን ስለሚፈልግ ነው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሁለት መኪና ሲተላለፍ አንዱ የእግረኛው መሄጃ ላይ መውጣት ግድ ይለዋል።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የቤት ሥራዬን የምሠራው በመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጬ ነው። ከዚያ ሆኜ ጦርነቱን እከታተላለሁ። አክስቴ አንድ መስመር ሰፍታ ስትጨርስ ቀና ትላለች። እሱም ቀና ይላል። ትንሽ ይተያዩና አክስቴ በድንገት አንገቷን ትደፋለች፤ እሱ ደግሞ ከእጁ ብሎን ያመልጠውና ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ይፈልጋል። እንደገና አንድ መስመር፣ እንደገና ቀና። ሰላምታ የለ፣ እጅ መንሳት የለ። አንዳንዴ አክስቴ እያየችው መርፌ ይወጋታል፤ ያኔ እኔ በሆዴ «አንድ ለዜሮ» እላለሁ።

እማዬ ነገሩ ሳይገባት አይቀርም፤ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ትነካካታለች።

«ምን አለበት አንድ ቀን እንኳ ደህና ዋሉ ብትይው?»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ትላለች አክስቴ።

«እህልም አይገባበት! እሱም አያ ዝምታ፣ አንቺም እመት ዝምታ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማሽም?»

«እኔ ሹመት አልፈለግኩ።»

እኔ ከጠረጴዛው ሥር በአክስቴ ኮራሁ። ጠላቷን ሰላም በይ ሲሏት እምቢ የምትል፣ ቆራጥ ሴት። የእማዬ አስታራቂነት ግን አልጣመኝም።

በዚያው ሰሞን ጉንፋን ገብቶ ክፍላችን በሙሉ ይስል ነበር። የሳይንስ መምህራችን በሳል መሐል ማስተማር ሲያቅታቸው ጠመኔውን አስቀመጡና ፖስተር ሥሩ አሉን፤ ስለ ሳል። «ፖስተር ማለት» አሉ፣ «የሚሄድ ሰው የሚያስቆም ወረቀት ነው። ካላስቆመ ወረቀት ብቻ ነው።» እያንዳንዳችን ሰው በሚያልፍበት ቦታ እንሰቅላለን፤ እሳቸው ደግሞ እየዞሩ ያያሉ። ብዙ ሰው ያስቆመው ፖስተር የትምህርት ቤቱ ዋና በር ላይ ይለጠፋል።

ዋናው በር! በዚያ በር ተማሪው፣ ወላጁ፣ ዳይሬክተሩ ሁሉ ያልፋል። እስከዚያ ቀን ድረስ በምንም ነገር አንደኛ ወጥቼ አላውቅም። በሩጫ መሐል ነኝ፣ በሒሳብ መሐል ነኝ፣ ሰልፍ ላይ እንኳ ቁመቴ መሐል ላይ ያስቆመኛል። ያንን በር የፈለግኩትን ያህል የፈለግኩት ነገር የለም።

እማዬ የልብስ ልክ የምታወጣበትን ወፍራም ነጭ ወረቀት ለምኜ ወሰድኩ። ቁመቱ ከኔ ይበልጣል። እሱ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ሲስል ሳልኩ፤ አፉን ቀይ በቀይ አደረግኩት፤ ጥርሱን አንድ በአንድ ደረደርኩ። ከአፉ የሚወጡትን ጀርሞች ቦት ጫማ አለበስኳቸው፣ ዱላም አስያዝኳቸው። ከዚያ ስለ ሳል ደብተሬ ላይ ያለውን በሙሉ ዙሪያውን ገለበጥኩ። ባዶ ቦታ ባየሁ ቁጥር ስለሚቆጨኝ በሱም ላይ ጨመርኩ። ሲያልቅ ለመተንፈሻ የሚሆን ነጭ አልተረፈውም።

የት ይሰቀል? በሰፈራችን ሰው የሚቆመው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጋሽ አጉሊ መስታወት ፊት። አላፊ አግዳሚው ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ሰዓቶች አይቶ የራሱን ያስተካክላል። የጠላት ሰፈር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ለዋናው በር ሲባል ምን የማይደረግ አለ? ወረቀቴን ጠቅልዬ፣ ልቤን ሞልቼ ተሻገርኩ።

ጋሽ አጉሊ ወረቀቱን ዘርግቶ ብዙ ሳያይ ወደኛ ሱቅ አሻግሮ ተመለከተ። ከዚያ መስታወቱን በክንዱ ለካ።

«ከዚህ የሚሰፋ የለሽም?» አለኝ።

«የለኝም፣ ጋሼ።»

«ይሁን። ይሄም ይሸፍናል።»

ራሱ ፕላስተር እየቆረጠ ለጠፈልኝ። የልብ ልብ ተሰማኝ። ጠላታችን እንኳ ተሰጥኦዬን አይቶ ትልቅ ፖስተር እንድሠራ ተመኘልኝ ብዬ ወደ ቤት እየዘለልኩ ሄድኩ።

እውነቱን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ካደግኩ በኋላ፣ እየሳቀ። ያን ሰሞን ሱቁን ለቆ እህቱ ወዳለችበት ከተማ ሊሄድ ቆርጦ ነበር። ያቺን ሴት እያየ መኖር ሰለቸው እንዳልል አልሰለቸውም፤ እያየ ብቻ መኖር ግን ከበደው። መሄዱ ላይቀር፣ ሳያያት መዋልን ከወዲሁ ልለማመድ ብሎ ሲያስብ እኔ መጋረጃ ይዤ ከች አልኩለት። «እግዜር የላከሽ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ፖስተሩ ላይ ምን እንደተሳለ ያወቀው ደንበኛ መሸሽ ሲጀምር ነው።

በማግስቱ አክስቴ የመጀመሪያውን መስመር ሰፍታ ቀና አለች። በጋሽ አጉሊ ፊት ፈንታ ቀይ አፉን የከፈተ፣ ጀርም የሚተፋ ሰውዬ አፈጠጠባት።

«ውይ! ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የኔ ፖስተር ነው!» አልኩ።

«የሌላ ሰው መስታወት አጥፍተሽ?»

«እሱ ራሱ ነው የፈቀደልኝ። እንዲያውም ከዚህ የሚሰፋ የለሽም ወይ አለኝ።»

አክስቴ እግሯን ከመኪናው መርገጫ ላይ አነሳች። «የሚሰፋ የለሽም አለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ደግማ ጠየቀችኝ። ፊቷ ልክ መርፌ እንደወጋት ጊዜ ሆነ፤ መርፌ ግን በእጇ አልነበረም። እኔ ቅናት መሰለኝ።

ያን ቀን አንዲት ሴት ሰዓት ልታሠራ መጥታ ሥዕሉን ስታይ የነጠላዋን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ጭና በመጣችበት ተመለሰች። እኔ ከጠረጴዛው ሥር በደስታ ልሞት ደረስኩ፤ ይኸው አፏን ሸፈነች፤ ፖስተሬ ሠራ! ሌላው ግን ሳይቆም እያለፈ ሄደ። እንዲያውም ቀድሞ ሰዓት ለማየት ይቆም የነበረው ሰው እንኳ ሰዓቶቹ ስለተሸፈኑበት መቆሙን ተወ። ከሰዓት በኋላ ላይ ነገሩ ገባኝ፤ ፖስተሬ የሚቆመውን ሰው የሚያስኬድ ሆኖ ነበር። ወሽመጤ ተቆረጠ።

እማዬ ደግሞ ከጋሽ አጉሊ አከራይ ዘንድ ወሬ ይዛ መጣች።

«ሰውየው ሱቁን ሊለቅ ነው አሉ። በወሩ መጨረሻ።»

«ይልቀቃ!» አለች አክስቴ። «እኔ ምን አገባኝ?»

«እሺ። እኔም ዝም ብዬ ነው ያልኩት።»

«ዝም ካልሽማ ለምን ታወሪያለሽ?»

መኪናዋን በኃይል ረገጠችው። ድል አድርገናል አልኩ በሆዴ፤ ጠላት ምሽጉን ለቆ ሊሸሽ ነው። ደስታዋን ለማየት ቀና ብል አክስቴ የቀሚሱን እጅጌ ከአንገቱ ጋር ሰፍታው ነበር። እጅ ማስገቢያ የሌለው ቀሚስ። እማዬ አየችው፤ ቁጭ ብላ መፍታት ጀመረች።

በነጋታው ከትምህርት ቤት ስመለስ አክስቴ ስለ ፖስተሬ ከኔ በላይ ስትጨነቅ አገኘኋት።

«ነይ እስቲ እዚህ። ያ ወረቀትሽ ሰው እያስቆመ ነው?»

«አያስቆምም» አልኩና ዓይኔ እንባ ሞላ።

«እንዴት ያስቁም! ቃል በቃል ላይ ከምረሽበት። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ደብተር ያነባል? ሦስት ቃል ይበቃል። ይሄ ሁሉ ግራና ቀኝ ያለው ይቆረጥ። ትንሽ ሲሆን ነው የሚያምር።»

ሮጬ ሄጄ አወረድኩት። ጋሽ አጉሊ ባዶው መስታወት ሲቀር አቀርቅሮ ሥራውን ቀጠለ። ሱቅ ወስጄ ዳር ዳሩን ቆረጥኩ፤ «ስታስሉ አፋችሁን ሸፍኑ» የሚለውን ብቻ አስቀረሁ። አክስቴ ራቅ አድርጋ ያዘችው፤ አንድ ዓይኗን ጨፍና ወደ ማዶ አየች፤ ወደ ወረቀቱ አየች።

«አሁንም መሐሉ ደፍኖታል» አለች።

«መሐሉማ ሰውየው ነዋ!»

«ሰውየው ለምን ይቆማል? ቁጭ ይበል። የታመመ ሰው ቁጭ ነው የሚለው። ዝቅ አድርገሽ ሳይው። እዚህ ጋ… ትንሽ ዝቅ… ቆይ፣ ትንሽ ወደ ግራ። እዚህ።»

በወረቀቱ ጀርባ ላይ ያንኑ ጽሑፍ ጽፌ እንደ አዲስ ሳልኩት፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ አንገቱን ጎንበስ ያደረገ፣ መሐረብ በእጁ የያዘ ሰው። ፊቱን ልጀምር ስል አክስቴ እርሳሴን ቀማችኝ።

«ፊቱን ተዪው። አንገት ላውጣለት።»

አንገት ማውጣት በነሱ ሥራ ቀሚስ ላይ ጭንቅላት ማስገቢያውን መክፈት ነው። አክስቴ በዚህ የምትወዳደራት የለችም፤ ሳትለካ ትቆርጣለች፣ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ወረቀቱን በመስታወታችን ላይ ወደ ማዶ አስደግፋ፣ በሰማያዊ ጠመኔ ክብ አሰመረችና ኩርሽም ኩርሽም አድርጋ የሰውየውን ፊት ቆርጣ ጣለችው።

«አበላሸሽብኝ!»

«አላበላሸሁም። የሚያልፈው ሰው ሲያይ መስታወቱ የራሱን ፊት ያሳየዋል። የሚያስለው እሱ ራሱ ይሆናል። ገባሽ?»

ገባኝ። እንዲህ ያለ ብልሃት ከየት እንዳመጣችው ገርሞኝ እማዬን አየኋት። እማዬ ከመነጽሯ በላይ አክስቴን እያየች ነበር፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ይዛለች። እኔ የሚያስቅ ነገር አልታየኝም።

ዛሬ ፖስተር መሥራት እንጀራዬ ነው። ወጣቶችን ሳስተምር ቃል ቀንሱ፣ ነጭ ቦታ ተዉ፣ ለዓይን መግቢያ ስጡት እላለሁ። ከየት ተማርሽው ይሉኛል። አክስቴ ስለ ፖስተር አንዲት ነገር አታውቅም ነበር። ቀዳዳው፣ እሷ ከስፌት መኪናዋ ወንበር ላይ ሆና ስታይ፣ ከመንገዱ ማዶ የተቀመጠው ሰው ፊት ልክ የሚታይበት ቦታ ላይ ነው የወጣው። እሷ የፈለገችው እሱን ማየት ነው፤ እኔ ሙያ ወጣልኝ።

ፖስተሩን ስመልሰው ጋሽ አጉሊ የቀዳዳውን ዙሪያ በጣቱ ዳሰሰ።

«ይሄን ማን ቆረጠው?»

«አክስቴ።»

«በመቀስ ነው በምላጭ?»

«በመቀስ።»

«እጇ አይንቀጠቀጥም» አለ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ግራ ሳብ፣ ወደ ቀኝ መለስ እያደረገ ሲያስተካክል ብዙ ቆየ። የጠረጴዛውን መብራት አበራ። ወደ ሱቃችን ስመለስ አክስቴ ቀና ብላ ነበር፤ በሚያስለው ሰው ትከሻ ላይ የጋሽ አጉሊ ፊት ተቀምጦ ይታያል። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ጦርነቱ እንደገና ተጀመረ፤ እኔም ፖስተሬ ለጠላት የመተኮሻ ቀዳዳ ሆነ ብዬ ተናደድኩ።

ሰው ግን መቆም ጀመረ! የጋሽ አጉሊ መብራት ሲጠፋ የሚያልፈው ሁሉ የራሱን ፊት በሽተኛው አካል ላይ ያያል። ቀዳዳው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ማለት አለበት፤ ጎንበስ ሲል ጓደኛው ይስቅበታል፤ ጓደኛውም ተራውን ይጎነበሳል። ልጆቹማ መሐረቡን አፋቸው ላይ የጨበጡ እያስመሰሉ ይስሉ ነበር። ቅዳሜ ሲመጣ መንገዱ ተዘጋ። ሰው ወረፋ ያዘ። መኪና ጡሩምባ ይነፋል፤ ሾፌሩም ወርዶ ይጎነበሳል።

በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል መምህራችን መጡ። ሸሚዛቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉ፤ የራሳቸውን ፊት አዩ፤ በዕድሜዬ ሰምቼ የማላውቀውን ሣቅ ሳቁ።

«ማነው ይህን ያሰበው?»

«እኔና አክስቴ።»

«ሰኞ አውርደሽ ይዘሽው ነይ። በሩ ያንቺ ነው።»

ምድር አልበቃኝም። ሮጬ ሱቅ ገባሁና «ሰኞ ሊወርድ ነው! በሩ የኔ ሆነ!» ብዬ ጮህኩ። እማዬ አቀፈችኝ። አክስቴ ግን አላቀፈችኝም። ቀና ብላ ማዶ ታያለች፤ ማዶ የሚታየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው። ወደ ግራ ዘመም አለች፤ ጀርባ። ወደ ቀኝ፤ ጀርባ።

«ሰኞ?» አለች።

«ሰኞ!»

«እሱስ መቼ ነው የሚሄደው?» ብላ እማዬን ጠየቀቻት።

«ዕቃውን እየሸከፈ ነው መሰለኝ» አለች እማዬ፣ ቀስ ብላ።

አክስቴ ተነሳች። ሜትሩ አንገቷ ላይ ነው፤ ክር ጉልበቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ በእጇ ትልቁን መቀስ ይዛለች። በሩን ከፍታ ወጣች። ግራ አላየች፣ ቀኝ አላየች፤ ጡሩምባ የሚነፋ መኪና ፊት ለፊት አቋርጣ መንገዱን ተሻገረች። ያንን መንገድ ወደ እሱ ሱቅ ስትሻገር አይቼ አላውቅም።

ቀልቤ ተገፈፈ። «እማዬ! አክስቴ ልትጣላ ሄደች! መቀስ ይዛለች!»

እማዬ የያዘችውን ጨርቅ ጥላ ወደ በሩ ሮጠች፤ እኔም ከኋላዋ። ደፍ ላይ ስደርስ ግን ኮሌታዬን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ተያቸው።»

«ትወጋዋለች እኮ!»

«አትወጋውም። ተያቸው አልኩሽ።»

ወረፋ የያዘው ሰው መቀሱን ሲያይ ለሁለት ተከፈለ። ጋሽ አጉሊ በሩ ላይ ወጥቶ ቆሟል፤ አጉሊ መነጽሩ እዚያው ዓይኑ ላይ ነው። ያ ሁሉ ዘመን ሲፋጠጡ ኖረው አሁን የሚለይላቸው መሰለኝ።

«ሱቁን ሊለቁ ነው ይባላል» አለች አክስቴ። ድምፅዋ እስከኛ ይሰማል።

«አዎ» አለ። «ልለቅ ነው።»

«አይልቀቁ።»

ሲያስሉ የነበሩት ልጆች እንኳ ሳላቸውን አቆሙ።

«ስለ ምን?» አለ ጋሽ አጉሊ።

የአክስቴ ጆሮ ከኋላ ሲቀላ ይታየኛል።

«ስፌቴ ይበላሽብኛል» አለች። «አንድ መስመር እሰፋለሁ፣ ቀና ብዬ አይዎታለሁ፣ ሌላውን እሰፋለሁ። ሌላ አሰፋፍ አላውቅም።»

ጋሽ አጉሊ አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ ላይ አወጣ። ያለሱ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ዓይኑ ዙሪያ ክብ ምልክት ወጥቶበታል፣ እንባም ነበረበት። «እኔ ደግሞ» አለ፣ «ሰው ሰዓቴ ዘገየ እያለ ሲያማኝ ኖረ። እንዴት አይዘገይ? እጄ እዚህ ነው እንጂ ዓይኔ መቼ ከርስዎ ተነስቶ ያውቃል።»

ክስም መልስም ተሰማ ማለት ነው ብዬ የመጀመሪያውን ጥፊ ጠበቅኩ። ጥፊ አልመጣም። ጋሽ አጉሊ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ወደ ጎን ቆመ፤ አክስቴም መቀሷን እንደያዘች ገባች። በሩ ተዘጋ። ወረፋው አጨበጨበ፤ ለምን እንደሚያጨበጭብ ለመጠየቅ ዞር ስል እማዬ በልብስ ቁራጭ ዓይኗን ትጠርጋለች።

«እማዬ፣ ማን አሸነፈ?»

«ዝም በይና ነይ ግቢ» አለችኝ። «ያን ቀሚስ ዛሬ የምጨርሰው እኔ ነኝ። ክሩን ትይዢልኛለሽ።»